የትርፍ ሰዓት መምህር፣ የሙሉ ሰዓት ጣጣ

በአገራችን ኮሌጆች ውስጥ ‹‹ፓርት ታይመር›› የሚባል ፍጥረት አለ። ቢሮ የለውም። ስብሰባ አይጠራም። በምረቃ ቀን ወንበር አይያዝለትም። ክፍያው በወር ሳይሆን በክሬዲት አወር ይቆጠራል። ተማሪው ‹‹ቲቸር›› እያለ ብድግ ይልለታል፤ ዘበኛው ደግሞ በየሳምንቱ መታወቂያ ይጠይቀዋል። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፣ እሑድ ማታ ይጠፋል። ግሬድ የምትባለውን ፊደል የሚጽፈው ግን እሱ ነው። የአንዱ ሰው የደረጃ ዕድገት፣ የሌላዋ ዝውውር፣ የአንድ ቤተሰብ የአራት ዓመት ወጪ የተንጠለጠለው በዚያች ፊደል ላይ ነው።

እኛም የዚህ ፍጥረት ወገን ነን። እኛ ስንል ይህችን ጽሑፍ የምትሞነጫጭረው ልጅና አብረዋት ጋዜጠኝነት ተመርቀው አብረዋት ያስተማሩ ሁለት ጓደኞቿ ማለታችን ነው። የጋዜጣ ቤት በር ስናንኳኳ የተከፈተልን የኮሌጅ በር ሆነ፤ ብዕር ስንጠብቅ ቾክ ተሰጠን። ደባርቅ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ለኤክስቴንሽን ተማሪዎች ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ስናስተምር ሦስት ሴሚስተር ቆየን። የኮሌጁን ስም አንጠራም። የምናወራው ጉዳይ በአንድ ግቢ ውስጥ ብቻ ያለ አይደለምና።

ወሬያችን ስለ ክፍል ውስጥ ደንብ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ የቀረ ምን ይሁን፣ የወደቀ ምን ይሁን የሚለው ነገር። ርዕሱ ገና ሲሰሙት ያዛጋል፤ እናውቃለን። ትንሽ ታገሱን።

ከዶርም የመጣ ደንብ

በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት ተሰጠን። ኮርስ አውትላይን ይባላል። ከጀርባው ደንቦች ተደርድረዋል። ከትምህርቱ 80 በመቶ ያልተከታተለ ፈተና አይቀመጥም። 15 ደቂቃ ያረፈደ አይገባም። ማካካሻ ፈተና በማስረጃ ብቻ ነው። ቀኑ ያለፈበት አሳይመንት አይታረምም። ሞባይል ይዘጋ።

ወረቀቱን ገና ስናየው አወቅነው። እኛ ራሳችን ግቢ ሳለን ከተሰጠን ጋር ወንድማማች ነው። ይህ ደንብ የተጻፈው ዶርም ለሚያድር፣ ካፌ ለሚበላ፣ ከአልጋው እስከ ክፍሉ አምስት ደቂቃ ለሚፈጅበት የሃያ ዓመት ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ካረፈደ ተኝቶ ነው፤ ከቀረ ሰልችቶት ነው። ደንቡ ተማሪውን ያውቀዋል።

እኛ ፊት የተቀመጡት ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። አንዱ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነው። አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አንዱ ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውትነት ወደ ቢሮ ሥራ መሻገር የሚፈልግ ጎልማሳ ነው። ቱሪስት ሲጠፋበት ጊዜውን ለትምህርት ያዋለ አስጎብኚ አለ። ፈረቃው ከእኛ ፕሮግራም ጋር የማይስማማለት ፖሊስ አለ። የመውለጃዋ ቀን ከፋይናል ፈተና ሳምንት ጋር የገጠመባት ነፍሰ ጡር አለች። ሦስት አራቱ በዕድሜ አባቶቻችን ይሆናሉ።

ይሄም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አቴንዳንስ ስንጠራ የሃምሳ ዓመት ሰው ‹‹አቤት›› ሲለን እኛው ከመቀመጫችን ልንነሳ ይቃጣናል። ‹‹አንተ›› ማለት ይከብዳል። ‹‹አንቱ›› ስንል ደግሞ ሰውየው ይሳቀቃሉ። ‹‹ኧረ እዚህማ ተማሪ ነኝ፣ አንተ በሉኝ እንጂ!›› ይሉናል፤ ክፍሉ ይስቃል። በመጨረሻ ሁሉንም ሰው፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ ‹‹እርስዎ›› ለማለት ወሰንን። ክፍሉን የለወጠች የመጀመሪያዋ ደንባችን እሷ ነበረች ማለት ይቻላል። የሃያ ዓመቱ ጎረምሳ ‹‹እርስዎስ ምን ይላሉ?›› ሲባል ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቀና ብሎ መቀመጥ ጀመረ። በኮሌጁ ወረቀት ላይ ስለ ሞባይል የተጻፈው ትእዛዝ ይህን አላመጣም ነበር።

የቀረ ሁሉ ሰነፍ ነው?

ከደንቦቹ ሁሉ ያስቸገረን የመቅረት ጉዳይ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማም ናት። ከዳባት የሚመጣ ተማሪ መኪና ካገኘ ዕድለኛ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል። ከአዲ አርቃይ በኩል የሚመጣው ጣሊያን በወረራው ዘመን የጠረገውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ይወጣል። ከመካነ ብርሃን የሚመጣው ግን የጉድ ነው። መካነ ብርሃን የጃናሞራ ወረዳ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ደባርቅ ለመምጣት ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የቧሂትን ማለፊያ ተሻግሮ፣ በጨነቅና በሳንቃበር አድርጎ መውረድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ገደል ፈረንጅ ብዙ ከፍሎ መጥቶ ፎቶ ያነሳዋል። ለእኛ ተማሪ ያው ገደል የትምህርት ቤት መንገዱ ነው። በክረምት ጭቃና ጉም አለ፤ ከጥቅምት በኋላ ውርጭ አለ። መኪናው አይሱዙ ነው፤ እሱም ጭነት ሲሞላለት ነው የሚነሳው።

መንገዱ የተራራ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በአዲ አርቃይና በዛሪማ በኩል ወደ ደባርቅና ዳባት ተገፋ። በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለሃይማኖት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ክፍላችን ውስጥ የዚያን ክረምት ሐዘን የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ አንጠይቃቸውም፣ እነሱም አያወሩትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ግጭቱ ተነሳ፤ መንገድ የቱ ቀን እንደሚዘጋ፣ የቱ ቀን እንደሚከፈት አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተነስተው ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች በኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ላይ ታገቱ። ቁጥራቸው ከመቶ በላይ እንደነበር ተዘግቧል። ለእናትና አባት ልጅን ወደ ትምህርት መላክ ማለት መንገድ ላይ መላክ ማለት ሆነ። በዚያ ሰሞን ለፈተና ያልመጣ ተማሪ ‹‹ማስረጃ አምጣ›› ቢባል ምን ይዞ ይመጣል?

ስለ ማስረጃ ካነሳን አይቀር፣ ‹‹አያቴ ሞቱብኝ›› የሚል ተማሪ የሌለበት አገር የለም። አያቱ በአንድ ሴሚስተር ሦስት ጊዜ የሚሞቱበት ተማሪም ሞልቷል። ኮሌጃችን ይህን ለመከላከል የቀበሌ ደብዳቤ ይጠይቅ ነበር። የቀበሌ ደብዳቤ ለማግኘት ግን የሥራ ቀን መቅረት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ ተማሪያችን የእናቱን ለቅሶ ማስረጃ ለማምጣት ከለቅሶው የበለጠ ቀን ፈጀበት። የእውነት ያዘነው ሰው ወረቀት ፍለጋ ሲንከራተት፣ ወረቀት ማግኘት የሚችልበት ዘመድ ያለው ደግሞ ማህተሙን አስመትቶ ከች ይላል። ደንቡ ውሸታሙን ሳይሆን ዘመድ የሌለውን ይዞ ቀረ።

‹‹እንግዲያው ደንቡን መተው ነዋ!›› ትሉ ይሆናል። አስበነዋል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ ያለችን ነገር ነበር። ዳባት አካባቢ የምትኖር የልጅ እናት ናት። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ልጇን ለእህቷ ትታ፣ የመጀመሪያዋን መኪና ይዛ ትመጣለች። ለቀሩት ልጆች ሌላ ቀን ፈተና ልንሰጥ መሆኑን ስትሰማ ቀስ ብላ ወደ እኛ መጣች። ‹‹ቲቸር፣ ክፋት አይደለም፤ ግን ለቀረ ሁሉ የሚታዘንለት ከሆነ የእኔ መምጣት ምን ጥቅም አለው?››

ጥያቄው ልክ ነው። ከቧሂት ማዶ ለሚመጣው ማዘን አለብን፤ እሷን ደግሞ ማክበር አለብን። ከኮሌጁ የተሰጠን ወረቀት ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስተናግድ መስመር የለውም።

ወንፈል

ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር በመጀመሪያው ቅዳሜ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍን። ‹‹ሰው ከቀረ ምን ይሁን?›› በአማርኛ ነው የጻፍነው። ኢንግሊሽ ክፍል ነው ብለን በእንግሊዝኛ ብንጽፈው ኖሮ ሦስት ሰው ብቻ በተናገረ ነበር።

አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። አንዱ ‹‹የቀረ አሥር ብር ይቀጣና ሻይ እንጠጣበት›› አለ። የባንኩ ሰው ‹‹እሱማ ገንዘብ ያለው ከፍሎ ይቀራል፣ የሌለው ተበድሮ ይመጣል›› ብሎ ጣለው። ሌላው ‹‹ሦስት ጊዜ የቀረ ይባረር›› አለ። ፖሊሱ ሳቀ። ‹‹እንግዲያው እኔን ከአሁኑ ሸኙኝ›› አለ። በመጨረሻ ያ የፓርኩ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተናገረ። ‹‹እኛ ዘንድ በወንፈል የቀረ ሰው አይባረርም፤ ገንዘብም አይቀጣም። ቀኑን ይመልሳል።››

ለከተማ ልጆች ትንሽ እናስረዳ። ደቦ ላይ ጠርቶህ ለመጣው ሰው ታበላለህ፣ ታጠጣለህ። ወንፈል ግን ብድር ነው። ዛሬ አንተ የእኔን አጨዳ ታግዘኛለህ፤ ነገ እኔ የአንተን። ታምሜ ከቀረሁ ‹‹ለምን ታመምክ?›› ብሎ ወረቀት የሚጠይቀኝ የለም። ቀኗ ግን ዕዳ ሆና ትቀመጣለች፤ ስድን እመልሳታለሁ። ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ጠሪ ያጣል። ሁሉም በሁሉም ፊት የሚያውቀው ዕዳ ነው።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያዘው። እኛ ወረቀት ላይ አሰፈርነው።

የቀረ ሰው ምክንያቱን አይጠየቅም። በተመለሰበት ቀን ያለፈውን ትምህርት ከጓደኛው ደብተር አጥንቶ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ አሥር ደቂቃ ያስረዳል። ከዚያ በኋላ ያቺ ቀን እንደተገኘባት ትቆጠርለታለች። ደብተሩን ያዋሰውና ያስጠናው ጓደኛው ከተሳትፎ ነጥብ ላይ ድርሻውን ያገኛል። ከሁለት ቀን በላይ ዕዳ ያጠራቀመ ሰው ሳይከፍል ፈተና አይቀመጥም። በዚህ መሠረት 80 በመቶ የሚለውም የኮሌጁ ደንብ አልተሻረም። ለዲፓርትመንት ኃላፊው አሳየነው። አነበበና ዝም አለ። ዝምታውን ፈቃድ አድርገን ወሰድነው።

ከዚያ ምን ሆነ? አንደኛ፣ አያቶች መሞት አቆሙ። ምክንያት የሚጠይቅ ከሌለ ውሸት ምን ያደርጋል? ሁለተኛ፣ ያቺ የዳባት እናት ኩርፊያዋ ቀረ። ደብተሯ የክፍሉ ንብረት ሆነ፤ የሚቀሩት ሁሉ እሷ ዘንድ ይሰለፋሉ፤ እሷም እያስጠናች ራሷ ታጠናለች። መምጣቷ ጥቅም አገኘ። ሦስተኛ፣ ከመካነ ብርሃን የሚመጣው ልጅ በዚያ ሴሚስተር አራት ጊዜ ቀረ፤ አራት ጊዜ ቆመ። መጀመሪያ ሲቆም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራተኛው ላይ በእንግሊዝኛ ቀልድ ነገረን፤ ሰዋስዉ ባይስተካከልም ሳቅን። የኮርሱ ስም ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ አይደል? ቆሞ ከመናገር በላይ ምን ይፈለጋል?

ነገሩ እንከን የለውም አንልም። ጊዜ ይበላል። አንድ ቅዳሜ መንገድ ተዘግቶ ዘጠኝ ሰው ቀርቶ በሳምንቱ ሲመጣ፣ ዘጠኝ ሰው አሥር አሥር ደቂቃ ቢያስረዳ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ያን ጊዜ በቡድን ከፍለን በየጥግ በየጥጉ እንዲያስረዱ አደረግን። ድምፁ የገበያ ቀን ይመስል ነበር።

በጎ ጎኑን ያየነው ደግሞ ባላሰብነው በኩል ነው። ወጣት ስንሆን መፍትሔው ሁሉ ስልክ ውስጥ ያለ ይመስለናል። ‹‹የቀረ ሰው ትምህርቱን በቴሌግራም ይከታተላል›› የሚል ሐሳብ መጀመሪያ ይዘን ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ቴሌግራሙም ስላይዱም አብሮ ተኛ። ደብተር ግን ኔትወርክ አይፈልግም። ጎረቤት ለጎረቤት ይዋዋሳል፤ በአይሱዙ ጋቢና ይላካል።

አሁን ቆም ብለን ስናስበው የደንቡ ጥንካሬ የእኛ አልነበረም። ሰው ደንብ የሚያከብረው ደንቡን ካወጣው ሰው ጋር ነገም ስለሚገናኝ ነው። የቅዳሜ መምህር ሰኞ የለም። ተማሪዎቹ ግን ሰኞም ማክሰኞም በባንክ መስኮት፣ በጤና ጣቢያ፣ በለቅሶ ቤት፣ በገበያ ይገናኛሉ። ዕዳው በመካከላቸው ሲሆን የሚጠብቀው ዘበኛ አያስፈልገውም።

ኮፒ ቤትና ገብስ

የአሳይመንትን ነገር በአጭሩ እንለፈው። በየኮሌጁ በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ብዙዎቹ አሳይመንት ብቻ ሳይሆን የመመረቂያ ጽሑፍም ይሸጣሉ፤ ስም ቀይሮ ማተም ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣ፤ ኮፒ ቤቱም ሥራው ቀዘቀዘ። ‹‹የኮረጀ ዜሮ›› የሚለው ደንብ ኮራጁን ማን ይዞ? ስልሳ ወረቀት በሁለት ሌሊት የሚያርም ፓርት ታይመር መርማሪ ፖሊስ ሊሆን አይችልም።

እኛ የምናውቀው ሙያ ስለነበር ወደ እሱ ሮጥን። ‹‹በዚህ ሳምንት በሰፈራችሁ ገበያ የገብስ ዋጋ ስንት ዋለ? ለምን ጨመረ? ሁለት ሰው ጠይቃችሁ አንድ ገጽ በእጃችሁ ጻፉ›› አልናቸው። የዳባትን ገበያ የዚህን ሳምንት የገብስ ዋጋ ኮፒ ቤቱም ቻትጂፒቲውም አያውቀውም። በእንግሊዝኛ የተጻፉት ወረቀቶች ስህተት የሞላባቸው ነበሩ፤ ሁሉም ግን የባለቤታቸው ነበሩ። አንዳንዶቹን አርመን ጋዜጣ ላይ ብናወጣቸው አያሳፍሩም።

‹‹ትንሽ እዩላቸው››

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግሬድ ይገባል። ግሬድ በገባ ማግስት ስልክ ይደወላል። የሚደውለው ሰው ትሑት ነው፤ አያዝም። ‹‹እነዚህን አራት ልጆች እስቲ ትንሽ እዩላቸው። የሚከፍሉ ልጆች ናቸው። እዚህ ቢወድቁ ሌላ ኮሌጅ ነው የሚሄዱት።›› በጽሑፍ የሚባል ነገር የለም። ‹‹አድርጉ›› የሚል ቃልም የለም። ‹‹ትንሽ እዩላቸው›› ብቻ።

የሙሉ ጊዜ መምህር ቢያንስ የሚቆምበት መሬት አለው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ አገር ሰማቸው። ፓርት ታይመር ሥራ ቢያቆም ማን ያውቃል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ልጅ ቾክ ይዞ ይገባል። ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ ኮሌጆች ከሚያስተምሩት ወደ ግማሽ የሚጠጉት የትርፍ ሰዓት ናቸው፤ አድጀንክት ይሏቸዋል። የሴሚስተር ኮንትራት፣ የተዋስከው ጠረጴዛ፣ ተማሪ ቅር እንዳይለው መፍራት እዚያም አለ።

ከአራቱ ልጆች አንዱ 37 አምጥቶ ነበር። ማለፊያው 50 ነው። አሥራ ሦስት ማርክ ‹‹ትንሽ›› የሚባል አይደለም። ያገኘውን ጻፍንለት፤ ደንቡ ለእንዲህ ያለው ውጤት የድጋሚ ፈተና ይፈቅዳልና ድጋሚ እንዲፈተን አደረግን። ከፈተናው በፊት ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከኮሌጁ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አስጠናነው። ቢሮ ስለሌለን ሻይ ቤቷ ቢሯችን ነበረች። 54 አመጣ። የራሱ 54 ነበር።

የሦስተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ላይም ስልኩ ተደወለ፤ መልሳችንም ያው ነበር። ለአራተኛው ሴሚስተር ግን የደወለልን የለም። አልተባረርንም። ፓርት ታይመር አይባረርም፤ ስልክ አይደወልለትም እንጂ።

ለምን ይህን ያህል እንደምንጨነቅ እንናገር። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ልጅ ‹‹ትንሽ እዩለት›› እየተባለ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ የኖረ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ። ያን ጊዜ ከተፈተኑት 150,184 የዲግሪ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 61,054 ናቸው፤ 40.65 በመቶ። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ 72,203 ተፈታኞች ያለፉት 12,422 ብቻ ናቸው። 17 በመቶ።

ከዚህ ቁጥር ጀርባ ብዙ ነገር አለ። የግል ኮሌጅ ተማሪ ቀን እየሠራ የሚማር ነው፤ ቤተ መጻሕፍትም ላቦራቶሪም እንደ ልቡ አያገኝም። ጥፋቱን ሁሉ በማርክ ላይ መጫን ግፍ ነው። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው። ከመውጫ ፈተናው በፊት ‹‹ትንሽ እዩላቸው›› የተባለ ተማሪ ጋዋኑን ለብሶ፣ ፎቶውን ተነስቶ፣ ዲግሪውን ይዞ ይሄድ ነበር። አሁን በነፃ የተሰጠው ሲ አራተኛው ዓመት ላይ ሲደርስ ባዶነቱ ይታወቃል። ያኔ የሚያፍረው ስልክ የደወለው ሰው አይደለም። ግሬዱን የጻፈው ፓርት ታይመርም ከተማውን ከለቀቀ ቆይቷል። የሚያፍረው ተማሪው ብቻ ነው፤ ደግሞም የከፈለው እሱ ነው።

እና ምን ይሁን?

በጎንደር አገር ተቀምጦ ስለ ማስተማር አውርቶ የኔታን ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። ጎንደር በዓታ ለአቋቋም ትምህርት ደቀ መዝሙር ከየአገሩ የሚመጣበት ቦታ ነው። የቆሎ ተማሪው ለምኖ ይበላል፣ ጎጆ ውስጥ ያድራል። አቴንዳንስ የሚባል ነገር የለም። ግን የኔታ ማን እንደቀረ ያውቃሉ፤ ታሞ እንደሆነም፣ ርቦት እንደሆነም ያውቃሉ። ለምን ቢሉ እዚያው ናቸው። ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ እንጂ ሴሚስተሩ ሲያልቅ አይሸኝም። የዛሬ ኮሌጅ እንዲህ ይሁን ማለታችን አይደለም፤ የሚሆንም አይደለም። ነገር ግን የኔታን የኔታ ያደረጋቸው መቀመጣቸው ከሆነ፣ ለፓርት ታይመርም ትንሽ የሚቀመጥበት ነገር ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ ከኮሌጆች የምንለምነው ብዙ አይደለም። አንዲት ጠረጴዛና በሳምንት አንዲት የተከፈለባት ሰዓት። ትምህርት የማይሰጥባት፣ ተማሪ ጥያቄውን ይዞ የሚመጣባት ሰዓት። ሻይ ቤቷ ደግ ናት፤ ግን ዝናብ ሲጥል ትሞላለች።

ሁለተኛ፣ የኤክስቴንሽን ተማሪ የራሱ ደንብ ይኑረው። በአማርኛ ይጻፍ፣ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ በመጀመሪያው ቀን ከተማሪዎቹ ጋር ይመከርበት።

ሦስተኛ፣ ግሬድ የሚቀየረው በጽሑፍ በቀረበ ምክንያትና በፊርማ ብቻ ይሁን። ‹‹ትንሽ እዩላቸው›› የሚል ሰው ስሙን ከሥሩ መጻፍ ቢኖርበት ስልኩ ብዙ ጊዜ አይጮኽም ነበር።

አራተኛ፣ መምህር ሲቀየር መዝገቡ ይረካከብ። እኛ ስንወጣ የወንፈል ደብተራችንን የሚረከበን አላገኘንም። ለያቺ የዳባት እናት ሰጠናት፤ የሚቀጥለው መምህር ከፈቀደ ታሳየዋለች።

እንደ እኛ ቅዳሜና እሑድ ቾክ ለምትይዙ ልጆች ደግሞ የምንለው አለን። ይዛችሁት የምትገቡት ደንብ ለማን እንደተጻፈ መጀመሪያ እዩ። ፊታችሁ የተቀመጡት ሰዎች እናንተ ከመወለዳችሁ በፊት እርሻ ሲካፈሉ፣ ዕቁብ ሲጥሉ፣ ዕድር ሲያቋቁሙ፣ ዕዳ ሲመልሱ የኖሩ ናቸው። ስለ ፍትሕ ከእናንተ ያላነሰ ያውቃሉ። ጠይቋቸው። የተስማማችሁበትን ጻፉ፤ ከጻፋችሁ በኋላ ለጎበዙም ለሰነፉም፣ ለሚከፍለውም ለሚቸገረውም እኩል አድርጉት። ስልክ ከተደወለላችሁም ‹‹በጽሑፍ ይላኩልን›› በሉ። ከዚያ በኋላ ላይደወልላችሁ ይችላል፤ እሱንም ከአሁኑ አስቡበት። የቤት ኪራይ አለባችሁና።

የመካነ ብርሃኑ ልጅ ዘንድሮም እየተማረ ነው። ቧሂት ላይ ውርጭ በጣለ ቁጥር እናስበዋለን። መንገዱን ክፍት ያድርግለት።

ቸር እንሰንብት።